ፖሊስ ኃይል ሲጠቀም ሕጉ ምን ይላል? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ሜሪላንድ የፖሊስን የኃይል አጠቃቀም በሕግ ከወሰነች ወዲህ የሚደርሱን ጥያቄዎች በርክተዋል። ከእነሱ አምስቱን እንመልሳለን። ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ጥያቄ፦ የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ከልክ ያለፈ ኃይልን ይከለክላል። የስቴት ሕግ ምን ይጨምራል? (ሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1989 በግራም እና ኮነር መዝገብ ያስቀመጠው መመዘኛ የሚጠይቀው፣ በቦታው የነበረ ምክንያታዊ ፖሊስ እንዲሁ ያደርግ ነበር ወይ? ብሎ ነው። ስቴቶች ፖሊሶቻቸውን ከዚህ በላይ መጠየቅ ይችላሉ፤ ሜሪላንድም ይህንኑ አደረገች። ምክር ቤቱ የገዢውን ቬቶ ሽሮ በኤፕሪል 2021 ያጸደቀው ሕግ ከጁላይ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ይሠራል። በዚህ ሕግ መሠረት የፖሊስ ኃይል ከአጠቃላይ ሁኔታው አንጻር አስፈላጊና ተመጣጣኝ መሆን አለበት። ዓላማውም በሰው ላይ ሊደርስ የተቃረበን አካላዊ ጉዳት ማስቀረት ወይም ሕጋዊ የፖሊስ ተግባርን መፈጸም ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ሰውየው በካቴና ታስሮ መሬት ላይ ከተኛ በኋላ ፖሊሱ ጉልበቱን ጀርባው ላይ ቢያቆይስ? (ሃያትስቪል)

መልስ፦ ሕጉ በዚህ ላይ ግልጽ ነው፤ ሰውየው በቁጥጥር ሥር ከዋለ ኃይል መጠቀም ወዲያው ይቆማል። አጠገቡ የቆመ ሌላ ፖሊስም ዝም ብሎ ማየት አይችልም፤ ጣልቃ ገብቶ የማስቆም ግዴታ አለበት። የተጎዳ ካለ የመጀመሪያ ርዳታ መስጠት፣ የሕክምና ርዳታ በቶሎ መጥራትና የሆነውን ሁሉ በጽሑፍ መመዝገብም ግዴታ ነው። ስለዚህ የዓይን ምስክር ከሆኑ ካቴናው የገባበትን ሰዓትና ጉልበቱ የተነሣበትን ሰዓት ለይተው ይያዙ። ጉዳዩ የሚወሰነው ብዙ ጊዜ በሁለቱ መካከል ባለው ጊዜ ነው።

ጥያቄ፦ ይህን የጣሰ ፖሊስ ይታሰራል?

መልስ፦ እስከ 10 ዓመት ሊታሰር ይችላል። ነገር ግን ዐቃቤ ሕግ ፖሊሱ ድርጊቱን እያወቀና ሆን ብሎ እንደፈጸመው፣ በዚህም ከባድ የአካል ጉዳት ወይም ሞት እንደደረሰ ማስረዳት አለበት። በእኛ እምነት ይህ መስፈርት እጅግ ጠባብ ነው፤ አጥንት ያልሰበረ፣ ግን ሰውን ያዋረደ ድብደባ ከዚህ የወንጀል አንቀጽ ውጭ ይቀራል። ሞት ወይም ለሞት የሚያሰጋ ጉዳት ሲደርስ ምርመራውን የሚያካሂደው በስቴቱ ዋና ዐቃቤ ሕግ ሥር ያለ ገለልተኛ ክፍል ነው። ክፍሉ ከኦክቶበር 2023 ወዲህ የመክሰስ ሥልጣንም አለው።

ጥያቄ፦ ልጄን ሲይዙት ክንዱን አቁስለውታል። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከሐኪም ይጀምሩ፤ የሕክምና ወረቀቱን ይያዙ። ቁስሉን በዕለቱ ፎቶ አንሡት፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀንም ድገሙት፣ ሰንበር ውሎ አድሮ ይጠቁራልና።

ቀጥሎ ቪዲዮው ነው። የየካውንቲው ፖሊስ እስከ ጁላይ 1 ቀን 2025 የደረት ካሜራ እንዲይዝ ሕጉ አስገድዷል። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታና የጉዳዩን ቁጥር ጠቅሰው ቪዲዮው እንዳይጠፋ በጽሑፍ ይጠይቁ። ቅጂውንም በሕዝብ መረጃ ሕጉ መሠረት ያመልክቱ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት የፍለጋ ሰዓታት ክፍያ የለባቸውም።

አቤቱታውን ለፖሊስ መሥሪያ ቤቱ ወይም ለካውንቲው የፖሊስ ተጠያቂነት ቦርድ ማስገባት ይቻላል። የፖሊሱ ስም ወይም መለያ፣ የሆነው ነገርና የእርስዎ አድራሻ ይበቃል፤ በኖታሪ ማረጋገጥ አያስፈልግም። ቦርዱ በ3 ቀን ውስጥ ለፖሊስ መሥሪያ ቤቱ ያስተላልፈዋል። ከምርመራው በኋላ አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ፖሊሱ በዲሲፕሊን ይከሰስ ወይም አይከሰስ ብሎ ይወስናል፤ ይህ ሁሉ በአንድ ዓመት ከአንድ ቀን ውስጥ ማለቅ አለበት።

ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አቤቱታ ማስገባት ካሳ መጠየቅ አይደለም። በስቴቱ ሕግ ካሳ ለመጠየቅ ጉዳቱ በደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ ለካውንቲው የጽሑፍ ማስታወቂያ መድረስ አለበት፤ በእጅ ያስረክቡ ወይም በሪኮማንዴ ይላኩ። አድራጊው የስቴት ፖሊስ ከሆነ ማስታወቂያው የሚሄደው ለስቴቱ ገንዘብ ያዥ ነው። የኮሚቴውን ውሳኔ ሲጠባበቅ ይህ ቀን ያለፈበት ሰው መብቱን ሊያጣ ይችላል። ልጁ ራሱ የወንጀል ክስ ካለበት ደግሞ አቤቱታውን ከመጻፋችሁ በፊት ጠበቃ አማክሩ፤ የጻፋችሁት በእሱ ላይ ማስረጃ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ኑሮዬ ሜሪላንድ ነው፣ የምሠራው ዲሲ፣ ቤተሰቤ ቨርጂኒያ። ሕጉ አንድ ነው? (ታክሲ ነጂ)

መልስ፦ አይደለም። የሚሠራው ድርጊቱ የተፈጸመበት ቦታ ሕግ ነው። በዲሲ ካሳ ለመጠየቅ ለከንቲባው ማስታወቂያ የሚሰጠው በ6 ወር ውስጥ ነው። ለፌዴራል የመብት ክስ የይርጋው ጊዜ በሜሪላንድ 3 ዓመት፣ በቨርጂኒያ 2 ዓመት ነው። ቨርጂኒያ በ2020 ባወጣችው ሕግ ሳያንኳኩ ቤት የመግባት ፈቃድን ከልክላለች፤ አንገት ማነቅንም የሰው ሕይወት ለማዳን ወዲያውኑ ካላስፈለገ በቀር አግዳለች።

ኮሎራዶ ከሁሉም ርቃ ሄዳለች። በ2020 ሕጓ መሠረት በስቴቱ ፍርድ ቤት የፖሊስ ያለመከሰስ መከላከያ አይሠራም፤ በቅን ልቦና ያልሠራ ፖሊስም ከተፈረደው ካሳ 5 በመቶ ወይም 25,000 ዶላር፣ ከሁለቱ ያነሰውን፣ ከኪሱ ይከፍላል። ዋሽንግተን ስቴት ግን በ2021 የወታደር መሣሪያ ለማገድ ስትል የጥይቱን ውፍረት ብቻ ለካች፤ እገዳው ለሞት እንዳይዳርጉ የተሠሩትን የከረጢት ጥይት (በትንሽ የጨርቅ ከረጢት የተሞላ እርሳስ) መተኮሻ መሣሪያዎችንም አብሮ ያዘ። በ2022 ማስተካከያ ሕግ ማውጣት ግድ ሆነ። ለምክር ቤት ተወካይዎ ደብዳቤ የሚጽፉ ከሆነ፣ የረቂቁን የትርጓሜ ክፍል መስመር በመስመር እንዲያነቡት ይጠይቋቸው።