እጅ ሲናገር ድምፁ ከማን ይውጣ?

ጥያቄ፦ አሜሪካ ውስጥ መስማት የተሳናቸውና የሚሰሙ ተዋንያን አብረው የሚሠሩት ቴአትር አለ አሉ። አንዱ በምልክት ቋንቋ ሲጫወት ሌላው በእንግሊዝኛ ይናገርለታል። ተመልካቹ ማንን ይይ? የማይሰማው ተዋናይስ ተራው መድረሱን በምን ያውቃል? (ቴአትር ወዳድ)

መልስ፦ ዓይን ማረፍ ያለበት በምልክት የሚጫወተው ላይ ነው። ድምፅ የሚሰጠው ሰው ጥግ ይዞ የሚያነብ አስተርጓሚ ከሆነ ግን ዓይን ወደ እሱ ይሸሻል። ስለዚህ ለእሱም ሚና ይሰጠዋል። የሎስ አንጀለሱ ዴፍ ዌስት ቴአትር በ2003 እ.ኤ.አ. በኒውዮርኩ የቴአትር ሰፈር በብሮድዌይ ባቀረበው «ቢግ ሪቨር»፣ ከማርክ ትዌይን ልብወለድ በተወሰደ ሙዚቃዊ ተውኔት፣ ዋናውን ገጸ ባሕርይ ልጁን ሐክ ፊንን ለተጫወተው መስማት የተሳነው ተዋናይ ድምፅ የሰጠው ደራሲውን ማርክ ትዌይንን ሆኖ የተጫወተው ተዋናይ ነበር። ደራሲው ለፈጠረው ልጅ ቢናገርለት ማን ይገረማል? ከምናውቃቸው መፍትሔዎች ሁሉ ይኼ ይበልጥብናል።

ተራ የሚታወቀው በሚታይ ወይም በሚዳሰስ ነገር ነው፤ ባልደረባው ትከሻውን ይነካዋል፣ ወንበር ይስባል፣ መብራት ይለወጣል። ይህ የድርጊቱ አካል ሆኖ ከመጀመሪያው ልምምድ ጀምሮ ይገባል። ተዋናዩ ጀርባውን ከሰጠ የሚታየው ስለሚያመልጠው የሚዳሰስ ይመረጥለታል።

ከሁሉ የሚከብደው ትርጉሙ ነው። የአሜሪካ ምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው አለው፤ በእንግሊዝኛው የቃላት ቅደም ተከተል ከተደረደረ መስማት የተሳነው ተመልካች ትርጉሙን ያጣዋል። ስለዚህ መስማት የተሳነው የምልክት ቋንቋ ባለሙያ ተውኔቱን የመድረክ እንቅስቃሴ ሳይወሰን አስቀድሞ ይተረጉመዋል። ከዚያ ድምፁ ለእጁ ይገዛል። ንግግሩ ቀድሞ ካለቀ ግማሹ አዳራሽ ሲስቅ ግማሹ ገና ቀልዱን እየጠበቀ ነው፤ ተናጋሪው የመጨረሻዋን ቃል ከመጨረሻው ምልክት ጋር እንዲያወጣ መለማመድ አለበት።

ጆሮ ሁለት ድምፅ በአንዴ ሊለይ ይችላል፤ ዓይን ግን በመድረኩ ግራና ቀኝ የሚንቀሳቀሱ እጆችን አብሮ አይከተልም። አንዱ ሲናገር የሌሎቹ እጅ ይረፍ። ብርጭቆ የያዘ ተዋናይም ሁለት እጅ የሚፈልግ ንግግር ከመጀመሩ በፊት ያስቀምጠው። ልብሱ ከቆዳው ቀለም የሚለይ፣ ዝንጉርጉር ያልሆነ ይሁን። አዘጋጆች አብዝተው የሚዘነጉት መብራቱን ነው፤ ጨለማ ትዕይንት ላይ ፊትና እጅ ካልታዩ ንግግሩ ተቋረጠ ማለት ነው። ሌሊትን በሰማያዊ ብርሃን ማሳየት ይቻላል፣ ከፊት ለፊት የሚመጣው መብራት ግን አይጥፋ።