ጥያቄና መልስ፦ ሁሉም ኳሷ ላይ ለምን ይታፈጋል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜልበርን፣ ፉትስክሬይ ነው። ልጄ የአውስትራሊያን ፉትቦል (ኳሷ በእጅም በእግርም የምትጫወትበትን) ስለሚወድ አብሬው ማየት ጀምሬያለሁ። ሽማግሌው ጎረቤቴ ግን «ድሮ ሰው ሁሉ ቦታውን ይዞ ነበር የሚጫወተው» ይሉኛል። አሁን ኳሷ ባለችበት ሁሉም ይታፈጋል። ምን ተቀየረ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጎረቤትህ እውነታቸውን ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ድሮ ኳሷ በረጅሙ ትለጋለች፣ አጥቂና ተከላካይ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይዘሉላታል፣ የቀለባት መልሶ ይለጋል። በ1970ው የፍጻሜ ጨዋታ ካርልተን በኮሊንግዉድ 44 ነጥብ እየተመራ ለዕረፍት ወጣ። አሰልጣኙ ሮን ባራሲ ኳሷን በእጅ እየተቀባበሉ እንዲሮጡ አዘዛቸው። በእጅ ማቀበል ስል መወርወር አይደለም፣ በአንድ እጅ ይዞ በሌላው በቡጢ መምታት ነው። ካርልተን 121,696 ተመልካች ፊት በ10 ነጥብ አሸነፈ፤ ጨዋታው ወደ ሩጫ የዞረው ያን ቀን ነው የሚሉ ብዙ ናቸው።

ለእኔ ግን ትልቁ ለውጥ የመጣው ከተቀያሪ ወንበር ነው። እስከ 1978 ድረስ ተቀይሮ የወጣ አይመለስም ነበር። መመለስ ከተፈቀደ በኋላ አሰልጣኞች ቀስ በቀስ ነቁ፦ ሰውዬው ባለ በሌለ ኃይሉ ይሮጣል፣ ወጥቶ ትንፋሹን ይሰበስባል፣ ተመልሶ ይገባል። እንዲህ ከሆነ 18ቱም ተጫዋች ለማጥቃትም ለመከላከልም መድረስ ይችላል ማለት ነው።

የሰፈርህ ቡድን ዌስተርን ቡልዶግስ እዚህ ታሪክ ውስጥ አለበት! በ2000 ኤሰንደን ከውድድሩ መጀመሪያ አንስቶ 20 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ ነበር። የቡልዶግስ አሰልጣኝ ቴሪ ዋላስ ሰዎቹን ወደ ኋላ ሰብስቦ የኤሰንደን አጥቂዎች መፈናፈኛ እንዲያጡ አደረገ፤ አሸነፈም። ኤሰንደን በዚያ ዓመት የተሸነፈው እሷኑ አንዷን ጨዋታ ብቻ ነው። ስልቱን «ጎርፍ» ይሉታል። ብዙዎች አስቀያሚ ነው ብለው ይጠሉታል፣ እኔ ግን ደካማው ጠንካራውን የሚያቆምበት ብልሃት ስለሆነ ደስ ይለኛል። በ2010 ደግሞ ኮሊንግዉድ ገለበጠው፦ የሰዎቹን ግድግዳ ወደ ፊት ገፍቶ ተጋጣሚ ኳሷን ከራሱ ሜዳ እንዳያወጣ አፈነው፣ ዋንጫውንም በላ።

ተጎጂው ጎል አካባቢ የሚጠብቀው ትልቁ አጥቂ ነው። በአንድ የውድድር ዓመት 100 ጎል ያገባ የመጨረሻው ተጫዋች ላንስ ፍራንክሊን ነው፣ በ2008። ሊጉም ዝም አላለም። የቅያሪውን ብዛት በ2014 በጨዋታ 120 ላይ ገደበው፣ ከዚያ ወደ 90፣ በ2021 ወደ 75 አወረደው፤ ተጫዋቾች ሲደክሙ ሜዳው ይከፈታል በሚል። ከ2019 ጀምሮ ደግሞ ከየጎሉ በኋላ ጨዋታው ሲጀመር እያንዳንዱ ቡድን 6 ሰው ከኋላ፣ 6 መሐል፣ 6 ከፊት ማቆም አለበት።

ቴሌቪዥን ኳሷን ብቻ ስለሚከተል ይሄ ሁሉ አይታይም። ልጅህን ይዘህ ስታዲየም ግባና ከጎሉ ጀርባ ከፍ ያለ ቦታ ተቀመጡ፣ ግድግዳው ሲሠራና ሲፈርስ ታያላችሁ። ጎረቤትህንም ስለ 2000ው ጨዋታ ጠይቃቸው፤ የቡልዶግስ ደጋፊ ከሆኑ አይረሱትም።