ቀዩ ሰላጣዬ ለምን አረንጓዴ ሆነ?

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ነው የምኖረው። በረንዳዬ ላይ በባልዲ ቀይ ሰላጣ ዘርቼ ነበር። ጎረቤቴ ከዚያው ዘር ወስዳ ግቢዋ ውስጥ ዘራች፤ የእሷ ወይን ጠጅ መሰለ፣ የእኔ ግን አረንጓዴ ሆኖ ቀረ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ምንም አላጠፋሽም፤ የጎደለው ብርሃን ነው። ያንን ቀለም የሚሰጠው አንቶሲያኒን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ቅጠሉ በብዛት የሚሠራው ጠንካራ ብርሃን፣ በተለይ ሰማያዊና አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያገኘው ነው፤ ምክንያቱም ቀለሙ ልክ እንደ ጃንጥላ ሆኖ ከኃይለኛ ፀሐይ ይከላከልለታል። ጥላ ውስጥ ሲሆን ግን ጃንጥላው ምን ያደርግለታል? በዚያ ላይ ቀለሙን ለመሥራት ስኳር ያስፈልጋል፣ ስኳር ደግሞ ያለ ብርሃን አይገኝም። ስለዚህ አረንጓዴው ክሎሮፊል ብቻ ጎልቶ ይታያል። በረንዳሽ በመስታወት የተዘጋ ከሆነማ ባሰ፣ መስታወት ከአልትራቫዮሌቱ የተወሰነውን ያስቀረዋል።

ባልዲውን የጠዋት ፀሐይ ወደሚያገኝበት አውጪው፤ በቀን ለ5 ወይም ለ6 ሰዓት ያህል ቢያገኝ ጥሩ ነው። በአንዴ ግን እንዳታወጪው፣ ጥላ የለመደ ቅጠል ይቃጠላል፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ጨምሪለት። ዩሪያ ማዳበሪያም አታብዢበት፣ በውስጡ ያለው ናይትሮጅን ሲበዛ ቀለሙ ይደበዝዛል። ሙቀትም እንዲሁ ያደበዝዘዋል፤ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ሲል ነው ደምቆ የምታዪው። ከዚህ በኋላ የሚወጡትን ቅጠሎች ተከታተያቸው፣ ለውጡን መጀመሪያ የምታዪው እነሱ ላይ ነው። አረንጓዴዎቹን ደግሞ እንዳትጥያቸው፣ ዛሬውኑ ቆርጠሽ ብዪአቸው።