ፎቶዬ ኢንተርኔት ላይ ሲወጣ ለምን ይፈዛል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። «ብዙ ቀለም ይይዛል» ስለተባልኩ የካሜራዬን ከለር ስፔስ (የቀለም መለኪያ) አዶቢ አርጂቢ ላይ አድርጌዋለሁ። ኮምፒውተሬ ላይ ፎቶው በጣም ያምራል። ፖስት ሳደርገው ግን ቀዩ ፈዝዞ፣ የሰው ፊት ገርጥቶ አገኘዋለሁ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ኢንተርኔት ላይ ለሚወጣ ፎቶ ኤስአርጂቢ የሚባለውን ከለር ስፔስ ይጠቀሙ። በዚህ ላይ ማመንታት አያስፈልግም።

ፋይሉ ውስጥ ያለው ቁጥር ነው፤ ለእያንዳንዱ ነጥብ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠን ከ0 እስከ 255 ይጻፋል። ቁጥሩ የትኛውን ቀይ እንደሚያመለክት የሚወስነው ግን ከለር ስፔሱ ነው። ኤስአርጂቢ የመጨረሻውን ደማቅ ቀይ 255 ብሎ ይጽፋል። አዶቢ አርጂቢ ሰፋ ስለሚል ያንኑ ቀይ 219 አካባቢ ብሎ ይጽፈዋል። እንግዲህ ፎቶውን የተቀበለው አፕ ፋይሉ ላይ የተለጠፈውን ፕሮፋይል (ከለር ስፔሱ የትኛው እንደሆነ የሚናገረውን መለያ) ካላነበበ፣ ወይም ፎቶውን ሲያሳንስ ፕሮፋይሉን ከጣለው፣ 219ኙን እንደ ኤስአርጂቢ ቁጥር ቆጥሮ ያሳየዋል፤ ቀዩ የሚፈዘው፣ ፊቱም የሚገረጣው ለዚህ ነው። ፎቶዎ አልተበላሸም፣ በተሳሳተ መንገድ ተነቧል እንጂ።

ኤስአርጂቢን ኤችፒና ማይክሮሶፍት በ1996 እ.ኤ.አ. ያወጡት ለተራ ስክሪንና ለኢንተርኔት አስበው ነው። ዛሬም ፕሮፋይል የሌለው ፎቶ ሲያጋጥም አብዛኛው ብራውዘር ኤስአርጂቢ ነው ብሎ ይገምታል። ስለዚህ ፎቶዎ በኤስአርጂቢ ከሆነ፣ ፕሮፋይሉ ቢጠፋም እንኳ የሚደርስብዎ ጉዳት ትንሽ ነው።

አሁን ዋናው ጥንቃቄ። ፎቶሾፕ ላይ ኤዲት የሚለው ሜኑ ውስጥ «አሳይን ፕሮፋይል» እና «ኮንቨርት ቱ ፕሮፋይል» የሚሉ ሁለት ትዕዛዞች አሉ። ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። አሳይን ቁጥሮቹን እንዳሉ ትቶ መለያውን ብቻ ይቀይራል፤ ማለትም የሚሸሹትን ችግር ራስዎ በእጅዎ ይፈጥሩታል። ኮንቨርት ግን ቀለሙ እንዳይለወጥ ቁጥሮቹን አስልቶ ይቀይራቸዋል። የሚፈልጉት ኮንቨርትን ነው። ላይትሩም የሚባለውን የፎቶ ማረሚያ ከሆነ የሚጠቀሙት፣ ኤክስፖርት ሲያደርጉ ከለር ስፔሱን ኤስአርጂቢ ይበሉት፣ ቀሪውን እሱ ይጨርሰዋል። ፕሮፋይሉም ፋይሉ ውስጥ አብሮ ይቀመጥ፤ ክብደቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

በሮው (ካሜራው ሳያቀነባብር በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) የሚያነሱ ከሆነ ደግሞ ካሜራው ላይ የመረጡት ከለር ስፔስ ጄፔጉን (ካሜራው አቀነባብሮ የሚሰጠውን የተለመደ የፎቶ ፋይል) እንጂ ሮውን አይነካም፣ ስለዚህ እስካሁን ያነሱት ሁሉ ደህና ነው። በጄፔግ ያነሱትን ለመለየት የፋይሉን ስም ይዩ። ብዙ ካሜራዎች በአዶቢ አርጂቢ የተነሳን ፎቶ ስም ከታች መስመር ምልክት ያስጀምሩታል፣ ለምሳሌ «_ዲኤስሲ» ብለው።

አዶቢ አርጂቢን ግን አይጣሉት። ለጥሩ ህትመት፣ በተለይ ለአረንጓዴና ለውሃ ሰማያዊ፣ ይጠቅማል። ሰፊውን ኦርጅናል ያስቀምጡ፣ ለፖስት የሚሆነውን ኮፒ ብቻ ይቀይሩ።

ጥያቄ፦ እኔ በስልክ ብቻ ነው የማነሳው። ይሄ እኔንም ይመለከተኛል?

መልስ፦ ትንሽ። አይፎን በ2016 እ.ኤ.አ. ከወጣው አይፎን 7 ጀምሮ ዲስፕሌይ ፒ3 በሚባል ከለር ስፔስ ያነሳል፤ እሱም ከኤስአርጂቢ ይሰፋል፣ ግን ልዩነቱ ያን ያህል ስለማይጎላ ብዙ ጊዜ ሳያስተውሉት ያልፋል። ደማቅ ቀይ ወይም ብርቱካናማ ልብስ ያለበት ፎቶ ፈዝዞ ካገኙት ብቻ፣ ከመልቀቅዎ በፊት ኤዲት በሚያደርጉበት አፕ ወደ ኤስአርጂቢ ይቀይሩት።