ከኮሎኖስኮፒ በኋላ «ጋዝ ነው» ለተባለ የሆድ ሕመም

እህቴ፣ እናትሽ በኮሎኖስኮፒ (በካሜራ በሚደረግ የትልቁ አንጀት ምርመራ) ፖሊፕ (ከአንጀት ግድግዳ ላይ የበቀለ እብጠት) ተቆርጦላቸው በሦስተኛው ቀን ሆዳቸውን እያመማቸውና እያተኮሳቸው ከሆነ፣ «ጋዝ ነው» ተብሎ በስልክ የተሰጠሽን መልስ ይዘሽ ቤት አትቀመጪ። ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው።

1. የጋዝ ሕመም ፈስ ሲወጣ ይቀላል፤ በሦስት ቀኑ ደግሞ ጨርሶ ሊለቅ ይገባ ነበር። ትኩሳትም አያመጣም። እየባሰ የሚሄድ፣ ሲያስሉና ሲራመዱ የሚወጋ፣ ሆድን እንደ ጣውላ የሚያደርቅ ሕመም ግን አንጀት ተበስቶ ሊሆን ይችላል።

2. ሪፖርቱን ይዘሽ ሂጂ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ «ኮሎኖስኮፒ ተደርጎላቸዋል» ብሎ ዝም ይላል። ሐኪሙ ማወቅ ያለበት ፖሊፑ ስንት ሚሊሜትር እንደነበር፣ ከየትኛው የአንጀት ክፍል እንደተነሳና በኤሌክትሪክ ሙቀት ተቆርጦ እንደሆነ ነው። ሙቀቱ ወደ አንጀቱ ግድግዳ ጠልቆ ካቃጠለ፣ ቀዳዳ ሳይኖር ትኩሳት፣ አንድ ቦታ ላይ የሚበረታ ሕመምና የነጭ ደም ሴል መጨመር ይመጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ፖሊፑ ከተቆረጠ ከ12 ሰዓታት እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ። ምልክቱ ቁርጥ መበሳትን ይመስላል። ቃጠሎው ግን ብዙ ጊዜ በደም ሥር በሚሰጥ ፈሳሽ፣ በአንቲባዮቲክና ከምግብ በመከልከል ይድናል፤ መበሳት ኦፕራሲዮን ሊያስፈልገው ይችላል።

3. ቃጠሎንና መበሳትን የሚለያቸው ሲቲ ስካን ነው። ቆመው የሚነሱት የደረት ኤክስሬይ ከድያፍራም (ደረትንና ሆድን ከሚለየው ጡንቻ) ሥር እንደ ማጭድ የቀጠነ ጥቁር አየር ካሳየ ነገሩ አለቀ፣ ቀዳዳ አለ። ካላሳየ ግን አላለቀም! ትንሽ አየር፣ ወይም ከሆድ ዕቃ ሽፋን ጀርባ የገባ አየር፣ ኤክስሬይን ያመልጠዋል። «ኤክስሬዩ ንጹሕ ነው» ብለው ሊያሰናብቷችሁ ቢሉ፣ ሕመሙ እያለ ሲቲ ስካን የማያስፈልገው ለምን እንደሆነ በትሕትና ጠይቂ።

4. ደም መፍሰስ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ፖሊፕ ከተቆረጠ በኋላ እስከ 14 ቀን ሊመጣ ይችላል፣ ደም ማቅጠኛ ለሚወስዱ ደግሞ ያሰጋል። የመጀመሪያው ሄሞግሎቢን (የደም ማነስን የሚያሳየው ቁጥር) ደህና መሆኑ አያሳምንሽ፤ ደም እየፈሰሰም ቁጥሩ ለመውረድ ሰዓታት ይፈጅበታል። ቀድሞ የሚናገረው የልብ ምት መፍጠን ነው፤ ምርመራው ከሰዓታት በኋላ ይደገም። ከግራ ጎድን ሥር ተነስቶ ወደ ግራ ትከሻ የሚወጣ ሕመም ካለም ሳትጠየቂ ንገሪያቸው፤ አልፎ አልፎ ጣፊያ ይጎዳል።

እስኪታዩ ድረስ ምግብም መጠጥም አትስጫቸው፣ ኦፕራሲዮን ሊኖር ይችላልና። አይቡፕሮፌንም አይውሰዱ፤ ትኩሳቱን ይሸፍናል፣ መድማትንም ያባብሳል።