ደወሉ ስለበዛ ብቻ ሴትፖይንት አይነሳም

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደግሜ አነበብኩት። የጨረር መለኪያው ደወል በሳምንት ሦስት አራቴ በከንቱ እየጮኸ ኦፕሬተሮቹን አሰልችቷል። ሴትፖይንቱ፣ ማለትም ንባቡ ሲደርስበት ደወሉ የሚጮህበት ገደብ፣ ዝቅ ያለ መስሏቸዋል። አለቃህ «ሴትፖይንቱን ከፍ አድርገን እንገላገል፤ ማሳመኛውን አንተ ጻፍ» ብሎሃል፤ አንተ ደግሞ ከየት እንደምትጀምር ቸግሮሃል። በኑክሌር ማመንጫ የመሣሪያና ቁጥጥር ክፍል ውስጥ ዓመታት ስለቆየሁ እንዲህ ያለ ወረቀት ጽፌም አውቃለሁ፣ የሌላውን ገምግሜም መልሻለሁ። የራሴ የመጀመሪያ ወረቀት የተመለሰልኝ በአንድ መስመር ነበር፦ «ደወሉ መብዛቱን ነግረኸኛል፤ ለምን እንደሚደውል ግን አልነገርከኝም።»

ያኔ በጣም ተናድጄ ነበር። ሰውየው ግን ልክ ነበር።

መሣሪያው አየር በፊልተር ወረቀት ውስጥ እየሳበ፣ ወረቀቱ ላይ የተጠራቀመውን ብናኝ ጨረር የሚቆጥር ዓይነት ነው። ከተመለሰብኝ በኋላ የአንድ ወሩን ግራፍ አትሜ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። ጉብታዎቹ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ጀምረው ይወጡና ረፋድ ላይ ይወርዳሉ፤ ነፋስ በነበረባቸው ሌሊቶች ጭራሽ የሉም። በሚቀጥለው ጊዜ ሲደውል ፊልተሩን አውጥተን በየ10 ደቂቃው ቆጠርነው። ንባቡ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ከግማሽ በታች ወረደ። ሲዚየም-137 ቢሆን ግማሽ ዕድሜው 30 ዓመት፣ አዮዲን-131 ቢሆን 8 ቀን ነውና ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም ነበር። ያገኘነው ከአፈር የሚወጣው የራዶን ጋዝ ልጆችን፣ ማለትም ራዶኑ ሲፈራርስ የሚፈጠሩትን ንጥረ ነገሮች ነበር፦ እርሳስ-214 በ27፣ ቢስመዝ-214 በ20 ደቂቃ ገደማ ይገመሳሉ። ነፋስ በሌለበት ሌሊት ቀዝቃዛው አየር መሬት ላይ ተኝቶ ራዶኑን ያቁረዋል፤ ፀሐይ ስትሞቅ ይበተናል።

ቶሎ መውረዱ ብቻ ግን አያዘናጋህ። ሩቢዲየም-88ም በ18 ደቂቃ ገደማ ይገመሳል፤ እሱ የሚወለደው ከክሪፕተን-88 ነው፣ ክሪፕተኑ ደግሞ ሽፋኑ ከተበሳ የሪአክተር ነዳጅ ሊያመልጥ ይችላል። ስለዚህ ጋማ ስፔክትረም፣ ማለትም ጨረሩን በጉልበቱ ለይቶ ከየትኛው ንጥረ ነገር እንደመጣ የሚያሳይ ልኬት፣ አስወሰድን። የቢስመዝ-214 ምልክት የሆነው የ609 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ጫፍ ጎልቶ ወጣ፤ የሩቢዲየሙ የለም። ወረቀቴን ያሳለፈው ይህ አንድ ገጽ ነው ብል አላጋነንኩም። ይህን ሳታደርግ ሴትፖይንቱን ብታነሳ፣ የሚጮኸው እውነተኛ ፍሳሽ ቢሆን ኖሮ አፉን ዘጋህበት ማለት ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ከፍተኛውን የሐሰት ንባብ ያይና «ከዚያ በ10 በመቶ እናስበልጠው» ይላል። ቁጥሩ ከታች ወደ ላይ አይሠራም፣ ከላይ ወደ ታች እንጂ። መጀመሪያ የደህንነት ትንተናው የፈቀደውን ጣሪያ ታገኛለህ፤ ከዚያ የመሣሪያውን ስህተት ትቀንሳለህ። ለምሳሌ ጣሪያው 100 ነው እንበል፤ የሴንሰሩ ስህተት 3፣ የቀረው ሰርኪዩት ደግሞ 4። ሁለቱ እርስ በርስ የማይገናኙ ከሆኑ ካሬያቸውን ደምረህ ስኩዌር ሩቱን ትወስዳለህ፣ 5 ይመጣል። ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያጋድል ስህተት ካለ ግን እንዳለ በቀጥታ ይደመራል፣ ካሬ ውስጥ አይደበቅም። እንዲህ ያለ ስህተት ከሌለ ከ95 በላይ መውጣት አትችልም፤ ልምድ ያለው ሰው ደግሞ ጥቂት ማርጂን ይተዋል። ድሪፍቱን፣ ማለትም መሣሪያው በጊዜ ብዛት ከልኩ የሚንሸራተተውን፣ ከካታሎግ አትቅዳ፤ ቴክኒሻኑ በየካሊብሬሽኑ (ልኩ በሚስተካከልበት ጊዜ) መሣሪያውን ሳይነካ በፊት ያገኛቸውን ንባቦች ከፋይል አውጥተህ አስላ። የራዶኑ ጉብታ 80 ደርሶ አሁን ያለው ሴትፖይንት 75 ከሆነ፣ ለመንቀሳቀስ ቦታ አለህ። ጉብታው 97 ከደረሰ ግን ሴትፖይንት ማንሳት መልስህ አይደለም፤ የራዶንን ድርሻ ከአልፋ ቆጠራው ገምቶ የሚቀንስ መሣሪያ መጠየቅ አለብህ።

ደወል መብዛቱ ራሱ የደህንነት ጉዳይ መሆኑን ጻፍ፣ ነገር ግን ሁለተኛ አድርገው። እ.ኤ.አ. ማርች 28 ቀን 1979 በአሜሪካው የስሪ ማይል አይላንድ ኑክሌር ማመንጫ አደጋ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከ100 በላይ ማንቂያዎች ጮኸዋል፤ ኦፕሬተሮቹ የቱ ዋና፣ የቱ ትርፍ እንደሆነ የሚለዩበት መንገድ አልነበራቸውም። ይህ ጥሩ መከራከሪያ ነው። ግን እሱን ብቻ ይዘህ ከሄድክ እኔ የደረሰብኝ ይደርስብሃል።

ሌላው፦ ያ ደወል ከመጮህ ሌላ የሚያደርገው ነገር አለ? ቫልቭ ይዘጋል? ማራገቢያ ያቆማል? የሚያደርግ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው፣ የትንተና ሰዎቹ ሳይፈርሙ አትንቀሳቀስ። በአሜሪካ ሕግ ብትሠራ የኑክሌር ደንቡ አንቀጽ 50.59 ለውጡ ያለ ቅድመ ፈቃድ መደረግ ይችል እንደሆነ ያስመረምርሃል፤ ቁጥሩ የፈቃዱ አካል በሆነው ቴክኒካል ስፔሲፊኬሽን ውስጥ ከተጻፈ ግን ፈቃዱን ማሻሻል ግድ ነው፣ አቋራጭ የለውም። በሌላ አገርም ቁጥሩ ፈቃዱ ውስጥ መኖር አለመኖሩን ነው መጀመሪያ የምታየው።

ከጸደቀ በኋላ ደግሞ ወረቀቶቹን ተከተል። እኛ ጋ ሁሉም ፈርሞ፣ ኦፕሬተሮቹ ሠልጥነው፣ የደወሉ መመሪያ ተቀይሮ፣ አንድ ነገር ብቻ ተረሳ፦ የካሊብሬሽን ካርዱ። ከስድስት ወር በኋላ አንድ ጠንቃቃ ቴክኒሻን ካርዱ ላይ ያለውን አሮጌ ቁጥር አይቶ መሣሪያውን ወደ ነበረበት መለሰው። ልጁ ምንም አላጠፋም። በማግስቱ ንጋት ላይ ደወሉ ጮኸ።