አሮጌው ፍሪጅ ሲወጣ፦ ስለ ካምፐር ቫን የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ካምፐር ቫን፣ ማለትም ለጉዞ መተኛና ማብሰያ እንዲሆን የተዘጋጀ መኪና፣ ያላቸው አንባቢዎች በዚህ ሰሞን ከላኩልኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የሚነሡት ካረጀ ፍሪጅ ነው። ፍሪጁን ለመቀየር የተነሣ ሰው ሽቦውን፣ ባትሪውን፣ የጋዝ መስመሩን፣ አልፎ ተርፎም መብራቱንና ሩቢኔቱን ሳይነካ ሥራውን መጨረሱ እምብዛም ስለማያጋጥም፣ ጥያቄዎቹን ሰብስቤ እዚሁ ላይ መልስ ሰጥቼባቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ የገዛነው ቫን ሃያ ዓመት አልፎታል። ፍሪጁ በጋዝ፣ በ12 ቮልት ባትሪና በቤት ኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው፤ ሙቀት በበረታ ቀን ግን ወተት እንኳ አያሳድርም። ማስጠገን ይሻላል ወይስ መቀየር?

መልስ፦ ከመወሰናችሁ በፊት ችግሩ የፍሪጁ የራሱ ይሁን የአቀማመጡ ለዩ። እንዲህ ያለው ፍሪጅ ኮምፕረሰር፣ ማለትም የማቀዝቀዣውን ጋዝ በሞተር ኃይል የሚያምቅ ፓምፕ፣ የለውም። የሚሠራው ባልትዛር ፎን ፕላተንና ካርል ሙንተርስ የተባሉ ሁለት ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1922 በስዊድን፣ ስቶክሆልም፣ በፈለሰፉት ዘዴ ነው፦ እሳቱ ወይም የኤሌክትሪክ ማሞቂያው አሞኒያን ከውሃ ለይቶ ያተነዋል፤ አሞኒያው ቀዝቅዞ ፈሳሽ ከሆነ በኋላ ሃይድሮጅን ባለበት ቱቦ ውስጥ እንደገና ሲተን ከፍሪጁ ውስጥ ሙቀቱን ይዞ ይወጣል። ፈሳሹ የሚወርደው በራሱ ክብደት ብቻ ስለሆነ፣ ቫኑ ዘንበል ብሎ ከቆመ ዑደቱ ይስተጓጎላል። በጀርባው ያለው ሙቀትም በግድግዳው የአየር መውጫ በኩል ካልወጣ ፍሪጁ ቀኑን ሙሉ ቢደክም አይቀዘቅዝም።

ስለዚህ ቫኑን ደልዳላ ቦታ ላይ አቁሙት፤ የአየር ማስገቢያና መውጫውን ከአቧራና ከሸረሪት ድር አጽዱ፤ የበሩ ጎማ በደንብ መግጠሙንም ወረቀት አስይዛችሁ በመጎተት ፈትሹ። ከዚያ በቤት ኤሌክትሪክ ለ24 ሰዓት አሠሩትና ውስጡ ባስቀመጣችሁት የውሃ ብርጭቆ ሙቀቱን ለኩ። ውሃው ወደ 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወይም ከዚያ በታች ከወረደ የማቀዝቀዣው ክፍል ጤናማ ነው። በኤሌክትሪክ ቀዝቅዞ በጋዝ እምቢ ካለ ደግሞ ጥፋቱ በማቃጠያው ላይ ስለሚሆን በጽዳት ሊድን ይችላል። ማሞቂያው እየጋለ በየትኛውም ኃይል ካልቀዘቀዘ ግን፣ ወይም የአሞኒያ ሽታ ከመጣና በጀርባው ቱቦዎች ላይ ቢጫ ዱቄት ከታየ፣ ዕድሜው አብቅቷል። ሽታው እንደመጣ አጥፉት፣ በርና መስኮት ክፈቱ፣ እንደገናም አታስነሡት።

ጥያቄ፦ በኮምፕረሰር በሚሠራ ባለ12 ቮልት ፍሪጅ ልተካው አስቤያለሁ። ያለኝ አንድ ባለ100 አምፒር ሰዓት ባትሪ ነው። ይበቃኛል?

መልስ፦ ምርጫዎን እደግፋለሁ፤ ሒሳቡን ግን ከግዢው በፊት ይሥሩት። አንድ አምፒር ሰዓት ማለት አንድ አምፒር ለአንድ ሰዓት ሲሳብ የሚወጣው መጠን ነው። በሚሠራበት ጊዜ 45 ዋት የሚወስድ ፍሪጅ ከ12 ቮልት ባትሪ ወደ 4 አምፒር ገደማ ይስባል። ለዘብ ባለ አየር ከቀኑ አንድ ሦስተኛውን ያህል ቢሠራ 32 አምፒር ሰዓት፣ በሙቀት ጊዜ ግማሹን ቢሠራ 48 አምፒር ሰዓት በቀን ይፈጃል። ባትሪዎ የሊድ ዓይነት ከሆነ ዕድሜው እንዳያጥር ከይዘቱ ከግማሽ በላይ ባይጠቀሙ ይመረጣል፤ ያ ማለት 50 አምፒር ሰዓት ነው፤ መብራትና የውሃ ፓምፕ ሲጨመሩበት ለአንድ ሞቃት ቀን እንኳ ይጠባል። ሊትየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ዓይነት ግን 80 አምፒር ሰዓት ያህል በሰላም ይሰጣል። ሆኖም ከዜሮ ዲግሪ በታች በሆነ ብርድ ሊሞላ አይገባውም፤ ቻርጀሩም ለእርሱ የተስማማ መሆን አለበት።

አንድ ባለ100 ዋት ሶላር ፓኔል ጥሩ ፀሐይ ባለበት ቀን የሚመልሰው ከ25 እስከ 30 አምፒር ሰዓት ቢሆን ነው። ከአንድ ቀን በላይ ሳይንቀሳቀሱ የሚቆሙ ከሆነ ሁለት ፓኔል ያስቡ። ገንዘቡ ለሁለቱም የማይበቃ ከሆነ ፍሪጁን አነስ አድርገው ባትሪውን ከፍ ቢያደርጉት እመርጣለሁ፤ ትልቅ ፍሪጅ በደከመ ባትሪ ላይ ሌሊቱን አያነጋምና።

ጥያቄ፦ አዲሱ የኮምፕረሰር ፍሪጅ እኩለ ሌሊት ላይ ይቆማል። ባትሪው ላይ ስለካ ከ12 ቮልት በላይ ነው። ፍሪጁ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ፍሪጁን ከመመለስዎ በፊት ሽቦውን ይመርምሩ። እንዲህ ያሉ ፍሪጆች ባትሪው እንዳይሞት ቮልቱ ሲወርድ ራሳቸውን ያጠፋሉ፤ ብዙዎቹ የሚጠፉት 10.4 ቮልት አካባቢ ነው። ፍሪጁ የሚያየው ደግሞ በራሱ መግቢያ ላይ የደረሰውን ቮልት ነው፤ ባትሪው ላይ ያለው መንገድ ላይ ሊቀንስ ይችላል። ባትሪው 6 ሜትር ርቆ ሽቦው 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ኤሌክትሪኩ ሄዶ የሚመለሰው 12 ሜትር ስለሆነ፣ በ5 አምፒር ብቻ ወደ 0.7 ቮልት ይጠፋል። ኮምፕረሰሩ ሲነሣ የሚስበው ከዚህ ይበልጣል፤ የዛገ መገጣጠሚያ ካለበት ደግሞ ኪሳራው ይብሳል። በ6 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ግን ያው ኪሳራ ከ0.2 ቮልት በታች ይሆናል።

ስለዚህ ቴስተርዎን ፍሪጁ መግቢያ ላይ አስረው ኮምፕረሰሩ በሚነሣበት ቅጽበት ያንብቡ። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ከባትሪው በቀጥታ የሚመጣ አዲስ ወፍራም ሽቦ ይዘርጉ፤ ፊውዙንም ባትሪው አጠገብ ያድርጉት። ፊውዝ ከሁሉ በፊት የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፤ ፍሪጁ ዘንድ ቢገጠም ከባትሪው እስከ ፍሪጁ ያለው ሽቦ ቢላጥና ከመኪናው ብረት ጋር ቢነካካ ከእሳት የሚያድነው የለም። ይህን ደጋግሜ የምጽፈው ሰዎች በውስጡ ስለሚተኙበት ነው።

የአሮጌውን ፍሪጅ ሽቦ ለመጠቀም የምታስቡም አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የጋዝ ፍሪጆች የ12 ቮልት መስመር ብዙ ጊዜ ኃይል የሚያገኘው ሞተር ሲነሣ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ የጋዝ ፍሪጁ ከወጣ በኋላ የቀረውን የጋዝ ቱቦና የአየር ቀዳዳዎቹን ምን ላድርጋቸው?

መልስ፦ ቱቦውን በፕላስተር ጠቅልሎ መተው በፍጹም አይገባም። ብቃት ያለው የጋዝ ባለሙያ መስመሩን ከማከፋፈያው ላይ በተገቢው መዝጊያ ይዝጋው፤ ሲጨርስም መፍሰሱን በግፊት ይፈትሽ። ፕሮፔን ከአየር አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ስለሚከብድ ቢያፈስ ወለል ላይ ይተኛል፤ ወለሉ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች የተሠሩት እርሱን ለማስወጣት ነው። ምድጃዎ አሁንም በጋዝ የሚሠራ ከሆነ፣ ብርድ አስገቡ ተብለው እንኳ መደፈን የለባቸውም። የጋዝ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ዝቅ ብሎ ወለል አጠገብ ይገጠማል። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ግን ከዚህ የተለየ ስለሆነ ሰው በሚተኛበት አካባቢ፣ አምራቹ ባዘዘው ከፍታ ይሁን።

በፍሪጁ ጀርባ ያሉትን የግድግዳ ቀዳዳዎች በተመለከተ፣ የኮምፕረሰር ፍሪጅም ሙቀት ስለሚያወጣ ጀርባውን አፍነው አይዝጉት። ቀዳዳዎቹን ከውጭ ቢደፍኗቸው አየር ከቫኑ ውስጥ ከሥር ገብቶ ከላይ የሚወጣበት ክፍተት ይተዉለት።

ጥያቄ፦ ትንሽ የቤት ፍሪጅ ገዝቼ በኢንቨርተር (የባትሪውን 12 ቮልት ወደ ቤት ኤሌክትሪክ በሚቀይረው መሣሪያ) ባሠራው አይረክስልኝም?

መልስ፦ ግዢው ይረክስ ይሆናል። ኢንቨርተሩ ግን ፍሪጁ ባይሠራም ሳይጠፋ ስለሚያድር 10 ዋት ብቻ ቢበላ በቀን 20 አምፒር ሰዓት ነው። የቤት ፍሪጅ ለመንገድ ንዝረት አልተሠራም፤ በሩም በኩርባ ላይ ይከፈታል። አልመክርም።

ጥያቄ፦ አምፖሎቹን ወደ ኤልኢዲ መቀየር ልዩነት ያመጣል?

መልስ፦ ከሁሉ በላይ በርካሽ የሚገኝ ትርፍ ይኸው ነው። ስድስት ባለ10 ዋት ሃሎጅን አምፖሎች ለ4 ሰዓት ሲበሩ 20 አምፒር ሰዓት ይፈጃሉ፤ ስድስት ባለ2 ዋት ኤልኢዲ ግን 4 ብቻ። ባትሪው ሲሞላ ቮልቱ ከ14 ስለሚያልፍ ከ10 እስከ 30 ቮልት የሚችለውን ዓይነት ይግዙ።

ጥያቄ፦ የሚያምር የቤት ሩቢኔት ገጠምኩ፤ ስከፍተው ግን ፓምፑ አይነሣም።

መልስ፦ አሮጌው ሩቢኔት በውስጡ ትንሽ ማብሪያ ነበረው፤ ሲከፈት ፓምፑን የሚያስነሣው እርሱ ነበር። የቤቱ ሩቢኔት ይህ የለውም። ወይ ማብሪያ ያለው ሩቢኔት ይግዙ፣ ወይ ግፊት ሲቀንስ ራሱ የሚነሣ ፓምፕ ያስገጥሙ። ሁለተኛውን ከመረጡ አሮጌዎቹ የውሃ ጎማዎች የማያቋርጥ ግፊት መቻላቸውን ያረጋግጡ፤ ከቫኑ ሲወጡም ፓምፑን ያጥፉ። አንዲት የላላች ማሰሪያ እርስዎ በሌሉበት ታንከሩን በሙሉ ወለሉ ላይ ልትደፋው ትችላለች።

ጥያቄ፦ አዲሱ ፍሪጅ ከአሮጌው ይጠባል። ክፍተቱን እንዴት ልሙላው? አሮጌውንስ የት ልጣለው?

መልስ፦ ክፍተቱን በጣውላ ክፈፍ ይሙሉት፤ ፍሪጁን ግን በክፈፉ ላይ ሳይሆን ከቫኑ አካል ጋር በተያያዘ ጠንካራ ብረት ላይ በብሎን ያጥብቁት፤ ድንገተኛ ፍሬን ሲያዝ ያልታሰረ ፍሪጅ ወደፊት ይወረወራል። አሮጌው በጋዝ የሚሠራው ከሆነ በቱቦው ውስጥ አሞኒያና ሃይድሮጅን በከፍተኛ ግፊት ታምቀው ስላሉ አይብሱት፣ አይቁረጡትም፤ አሮጌ ፍሪጅ ለሚቀበሉ የቆሻሻ አስወጋጆች እንደቆመ ያስረክቡት።